ነፋስ የማያስገባ መኪና

መኪና ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። «ኧረ ነፋሱ ይመታናል» ይሉኛል። እከፍታለሁ፤ ይዘጋሉ። መልሼ እከፍታለሁ። ልጆቼ ከእኔ ጋር መሳፈር ትተዋል፣ በጉንፋን ጨረስሽን ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ባለሁበት መስታወት አይዘጋም፣ አለቀ። ያየሁትን ያየሁት እኔ ነኝ።

ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ፒያሳ የሚለው ስም ገና አልመጣም፤ ከጊዮርጊስ ጀምሮ ገበያውንም ሱቁንም አራዳ ነበር የምንለው። ቤታችን ከዚያ ቁልቁል፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሳይደረስ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ሰማንያ ቀን ሞላትና ጊዮርጊስ ክርስትና ልናስነሳት ተዘጋጀን። ለእኔም ከወለድኩ ወዲህ ከደጅ የምወጣበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

በዚያው ቅዳሴ ልጅቷም እኔም አማቴም ልንቆርብ ነው። የቆረበ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ሩቅ መንገድ አይሄድም፣ ፀሐይ ላይ አይንገላታም፣ ምራቁን አይተፋም፣ ከሰው አይጣላም። አፉን በነጠላው ሸፍኖ፣ ጭጭ ብሎ ቤቱ ይገባል። ማስመለስማ አይነሳ፤ ከዚያ የባሰ ኃጢአት ያለ አይመስለንም ነበር። አማቴ ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ሌላ ጊዜ ተጫዋች ናቸው፣ ሲቆርቡ ግን ቤት እስኪደርሱ ድረስ በዓይናቸው ብቻ ነው የሚያዙት።

ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ማለቴ ነው፣ የአንድ አርመን ነጋዴ ሹፌር ነበር። «ቆርባችሁማ በእግራችሁ አትመለሱም፣ በመኪና ነው የማንሸራሽራችሁ» አለን፤ ነጋዴውም ለዕለቱ ፈቀደለት። ያ መኪና በአራዳ የታወቀ ነው፣ ሬዲዮ አለው። ቤት ውስጥ የሚቀመጠውን ሬዲዮ እንኳ በወሬ ብቻ ነበር የምናውቀው፤ እየሄደ የሚዘፍን መኪና አለ ሲባል ባለቤቴ ወንድሙን «ውሸታም» ብሎት ሳምንት ተኳርፈው ነበር።

ከቅዳሴ ስንወጣ ፀሐይዋ ጠንክራለች። ክርስትና እናቷና ሌላው ዘመድ በእግሩ ቀድሞን ሄደ፤ ባለቤቴም እንግዳ ሊቀበል ቤት ነው። ዋርሳዬ የኋላውን በር ከፈተልንና፣ ከመግባታችን በፊት እንደ አስተማሪ የመኪናውን ነገር ያስረዳን ጀመር። ከመሪው ሥር ሁለት ማዞሪያዎች አሉ። «ይህችን ስታዞሯት ድምፁ ይጨምራል፣ ይህቺ ደግሞ አገር ትቀይራለች» አለ። ከእግሩ አካባቢ ያለችውን እጀታ ደግሞ ገፋ አደረጋትና፣ «ይህቺ ነፋስ ታስገባለች፣ ከፊት በኩል ክዳን አላት» አለ። አማቴ ከዚህ ሁሉ ንግግር አንድ ቃል ብቻ ነው የሰሙት። ከነጠላቸው ሥር «ነፋስ?» አሉ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ክዳኗ ተዘጋች። የኋላው መስታወት በሁለቱም በኩል እስከ ላይ ተዘጋ። አማቴ ከጉያቸው ጨርቅ አውጥተው የመስታወቱን ስንጥቅ ሳይቀር ወተፉት። ዋርሳዬ የራሱን መስታወት ክፍት ካላደረገ መንዳት አይችልም፣ አንገቱን አውጥቶ ገበያተኛውን «ዘወር በል» ሊል ነው፤ ስለዚህ በእሱ ጀርባና በእኛ መካከል ጋቢ ተጋረደ።  የሰማንያ ቀን ጨቅላ ከነፋስ ሲጠበቅ ማን ይከፋዋል? እንዲያውም እንዲህ አድርጎ የሚወዳት አያት ሰጣት ብዬ ደስ ነው ያለኝ። ልጅቷን እሳቸው ታቀፏት፣ እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ መኪናው ተነሳ።

ልጅቷ ገና ከመግባታችን ማልቀስ ጀመረች። እሷ እንደሆነች ከተወለደች ጀምሮ ሆዷን እየቆረጣት እንቅልፍ የነሳችን ናት። ዋርሳዬ ይህን ሲሰማ «ቆይ እኔ ላባብላት» አለና ማዞሪያዋን አዞራት። መጀመሪያ ጥብስ ሲጠበስ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። ቀጥሎ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ሴት መዝፈን ጀመረች። ክው አልኩ። ሴትዮዋ እግሬ ሥር የተደበቀች ነው የመሰለኝ፤ እግሬን ሰብስቤ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። አማቴ አማተቡ። ጋቢው ውጪ ዋርሳዬ በሳቅ ፈረሰ።

ቀጥታ ወደ ቤት መውረድ ሲገባው ወደ ገበያው ዞረ፣ ሰው ይይልኝ ብሎ። አህያው፣ በቅሎው፣ ተሸካሚው መንገዱን ሞልቶት መኪናው ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ ደግሞ ይንፏቀቃል። ዘፈኑን የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይከተለናል። በዚህ መሐል ልጅቷ ዝም አለች። ያቺ ልጅ፣ እሹሩሩ የማይበግራት፣ ጸጥ አለች። «አያችሁ?» አለ ዋርሳዬ ከፊት ሆኖ፣ «ሬዲዮ ነው ያስተኛት»። ጭራሽ ድምፁን ጨመረው። አማቴ በዓይናቸው ሳቁልኝና የልጅቷን ፊት ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ጉንጯ ፍም መስሏል። እንዲህ ያማረባትን ቀን አላውቅም፤ ቆርባ ጸጋ ወረደላት ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

ኋላ ነው የተረዳነው። የሞተሩን ጭስ የሚያወጣው ቧንቧ እኛ ከተቀመጥንበት ወንበር ሥር ተሰንጥቆ ኖሯል። ነጋዴው መስታወት ከፍቶ ስለሚሄድ ምንም አልተሰማውም። ጭሱ በወለሉ በኩል እየገባ፣ መውጫ አጥቶ፣ እኛው ላይ ነው የሚጠራቀመው። ያን ጊዜ ግን ይህን ማን አወቀ? እኔ የተሰማኝ ራስ ምታት ነው፣ ግንባሬን በመዶሻ እንደሚሉኝ።  ወየው፣ ቆርቤ ላስመልስ ነው ብዬ ነጠላዬን አፌ ላይ ደፈንኩት። ጥርሴን ነክሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ማርያም ማርያም እላለሁ። ዓይኔን ስገልጥ የልጅቷ እጅ ከመታቀፊያዋ ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

እጇን አነሳሁት፣ ወደቀ። እግሯን ቆነጠጥኩ። እንደገና አጥብቄ ቆነጠጥኩ፤ ያቺ በትንሽ በትልቁ የምትጮኽ ልጅ ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም። 

የመስታወቱን እጀታ ያዝኩ። አማቴ እጄን ያዙት። «ትታፈናለች» አልኳቸው። ራሳቸውን በ«እምቢ» ነቀነቁና እጄን ጭምቅ አደረጉት፤ እኔን ቀጥቅጦ መግደል ቢያስፈልግ እንኳ ያ መስታወት አይከፈትም። ቆርቤአለሁ፣ ቆርበዋል፣ መጣላት ነውር ነው። ተጣላኋቸው። እጄን መንጭቄ ልጄን ከጭናቸው ነጠቅኳቸው። ጋቢውን ጎትቼ ጣልኩትና «አቁም» ብዬ ጮህኩ። ዋርሳዬ ዞሮ ሳቀልኝ፤ በዘፈኑ ምክንያት የምለው አይሰማውም። ስለዚህ በሩን በርግጄ ወረድኩ። መኪናው እየተንፏቀቀ ስለነበር በጉልበቴ ብቻ ነው የወደቅኩት።

ሜዳ ላይ ልጄን ገልብጬ ጀርባዋን መታሁ፣ ፊቷ ላይ እፍ አልኩባት። አንዲት ቅመም የምትሸጥ የወሎ ሴት ጣሳዋን ይዛ ሮጣ መጣችና ውኃ ረጨችባት። ምንም። ደግማ ረጨች። ልጅቷ ተንሰፈሰፈች፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበችና አለቀሰች። እኔም ዝርግፍ አደረግኩት፤ ቁርባኑም ነገሩም ትዝ አላለኝም።

ቀና ስል አማቴ በተከፈተው በር ያዩኛል። ፊታቸው ደንግጧል፣ ግን የደነገጡት በእኔ ነው። ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው «የተኛች ልጅ ነፋስ አስመታሽብኝ» አሉ። እንባቸው መጣ። «ግቢ» አሉኝ። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልገባም» አልኩ። «እንግዲያው እሷን ስጪኝ»። አልሰጠሁም። በጋቢና በነጠላ ጠቅልለን ያፈንናት ነበር የመሰለኝ፤ ስለ ጭስ ባውቅ ኖሮ እሳቸውንም በፀጉራቸው ጎትቼ ባወጣኋቸው። ዋርሳዬ በእናቱና በእኔ መሐል ቆሞ ግራ ተጋባ። ኋላ የወደቀውን ጋቢ መልሶ አሰረ፣ በሩን ዘጋላቸው፣ ሄዱ።

ቅመም ሻጯ በርጩማ ሰጠችኝ። ለልጄ ጡት ሰጠኋት፣ ጠባች። ስትጠባ ያገኘሁትን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ጠግባ እስክትተው ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ልጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቁልቁለቱን ቀስ እያልኩ ወረድኩ። ንዴቴም እየበረደ መጣ። አማቴ እግር ሥር ወድቄ ይቅርታ እላለሁ፣ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አደርግላቸዋለሁ፣ ያልፋል ብዬ አሰብኩ።

ወደ ሰፈራችን ስቃረብ ዘፈኑ ከሩቅ ተሰማኝ። መኪናው በራችን ላይ ቆሟል፣ ሞተሩ ይንጎራጎራል፣ እንግዳው ሁሉ ዳሱን ትቶ ከቦታል። ሕፃናቱ ይጨፍራሉ። ባለቤቴ ወንድሙን አቅፎ ይስቃል፣ ከእንግዲህ ውሸታም አይለውም። አማቴ ከኋላ መስታወት ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ራሳቸውን ወደ ጥግ ዘንበል አድርገው።

«ምነው አልወረዱም?» አልኩ።

«ልጅቷ ሳትመጣ አልወርድም ብላ ነው» አለ ባለቤቴ። «ተቀይማሻለች። አሁን ደግሞ ዘፈኑ ደስ ብሏት መሰለኝ ጭጭ ብላለች፣ ቆርባ የለ?»

«ሞተሩስ ለምን አይጠፋም?»

«ሞተሩ ከጠፋ ሬዲዮውም ይጠፋላ» አለኝ ዋርሳዬ። «እንግዳው ይስማ እንጂ»።

ሰው እየገፋሁ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። የሚጎመዝዝ ሙቀት ፊቴን መታኝ። «እሜቴ፣ ልጅዎን አመጣሁልዎት» አልኳቸው። ዝም አሉ። ነጠላቸውን ገለጥ አደረግኩ። ጉንጫቸው ፍም መስሏል። እኒያ የዕድሜ ልክ ጠይም ሴት እንደ ልጃገረድ ቀልተዋል፤ ልክ እንደ ልጄ፣ ያ መኪና ውስጥ እንዳየኋት። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር አንድ ላይ የገባኝ።  ልጅቷን አጠገቤ ላለው ሰው ወርውሬ ሰጠሁና ትከሻቸውን ያዝኩ፤ ጣቶቻቸው ገና ይሞቃሉ። ወደ እኔ ሲወድቁ ክብደታቸው የሕያው ሰው አልነበረም።

ሰው ጮኸ። ባለቤቴ እናቱን ተሸክሞ ሣሩ ላይ አስተኛቸው። እንደ ልጅቷ ውኃ ረጨሁባቸው፣ እፍ አልኩባቸው፣ ጀርባቸውን መታሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዋይታ ሲጀምሩ እኔ ገና እየረጨሁ ነበር። በዚያ ሁሉ ዋይታ ላይ ያቺ የማናውቃት ሴት ትዘፍናለች። ሬሳ ፊት ዘፈን፣ እንዲህ ያለ ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል? ሮጬ ከፊት ገባሁና አንዱን ማዞሪያ አዞርኩ፣ ጭራሽ ጮኸ። ሌላውን አዞርኩ፣ አገር ቀየረ፤ አንድ ወንድ በባዕድ ቋንቋ እየሳቀ ማውራት ጀመረ። ባለቤቴ መጥቶ ሬዲዮውን በቡጢ መታው፣ እሱም አልቻለም። የሚያውቀው ዋርሳዬ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ መሬት ላይ ደረቱን ይደቃል።

በመጨረሻ ሰዎች ደግፈው አመጡት። ሬዲዮውን ሊያጠፋ መስሎኝ ገለል አልኩለት። እሱ ግን ቁልፉን አዞረና ሞተሩን አጠፋ። መንጎራጎሩ ቆመ፣ መኪናው ጸጥ አለ። ሰውዬው ግን ማውራቱን አላቋረጠም። ዋርሳዬ እጁን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ለካ ሬዲዮው ያለ ሞተርም ይሠራ ኖሯል።