የሯጯ በሶ

ባሌ ውስጥ በሶ የማይሰናዳበት ቤት ጥቂት ነው፤ የእኔ በሶ ሮቤ ላይ ገዢ ያጣውም ለዚሁ ነበር። በየጓዳው ያለውን ነገር አሽገሽ ለባለቤቱ መልሰሽ ልሽጥ ብትዪ ማን ይገዛሻል? ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያኔ እሽጉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ እያየሁ፣ ጥፋቱን አንዴ በገብሱ አንዴ በወፍጮው አሳብብ ነበር።

ከገሰራ ወዲያ ካለ ቀበሌ የወጣች አንዲት ሯጭ ውጭ አገር አንድ ውድድር አሸነፈች። ሰው በሰው አፈላልጌ አገኘኋት፤ እሺ አለችኝ፤ ፎቶዋን እሽጉ ላይ አሳተምኩ። ገብሱ ያው ገብስ፣ አቆላሉም ያው ነው። ወር ሳይሞላ ግን ከጎባ እስከ አንገቱ ከተማ ያሉ ባለሱቆች ይደውሉልኝ ጀመር። ገዢውም በሶ ማለቱን ትቶ «የሯጯን ስጪኝ» ይላል። ለታክሲ እንኳ ሮጦ የማያውቅ ጎልማሳ እሽጉን ይዞ ሲወጣ ደረቱን ነፋ ያደርጋል።

ደስታዬ አልበረከተም። እኔ ከተፈጥሮዬ ስጉ ነኝ። እንጀራዬ በሰው እግር ላይ መቆሙን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ። ብትሸነፍስ? ብትታመምስ? ጉልበቷን አሟታል የሚል ወሬ ስሰማ ጓዳ ገብቼ ያልተሸጠውን እሽግ እቆጥር ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቷ ለገበያ መጥተው ሱቄ ገቡ። «አካም ጅርቱ?» ብዬ ሰላም እያልኳቸው ብድግ አልኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው ቀሩ። እኛ ዘንድ ዱቄት ሳይቀመስ አይገዛም፤ ሰው ቆንጠር አድርጎ ምላሱን ካላስነካ እጁን ኪሱ አይከትም። ስለዚህ በየሱቁ ለቅምሻ የተከፈተ አንድ እሽግ ይቆማል። እኔ ደግሞ ፎቶዋን ያስቀመጥኩት ከላይ በኩል ነው። መቀሱ የሚያልፈው በግንባሯ ላይ ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የሰው ፊት በመቀስ ይቆረጣል?»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ሳላስተውል ነው። የሚቀጥለው ሲታተም ወደ ታች አወርደዋለሁ።»

«የሚቀጥለውን ተይው። የነገ ሳምንት እሁድ ትሮጣለች። እስከዚያ አትቁረጧት።»

እሺ አልኳቸው። የራሴን ሱቅ እሽግ አነሳሁ። ለሌሎቹ ባለሱቆች ግን አልደወልኩም። ሳይቀመስ አይሸጥም፤ ሳምንቱ ደግሞ የውድድር ሳምንት ስለሆነ ገበያው ደርቷል። በሟርት አላምንም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ያም ሆኖ ስልኩን በቀን አሥር ጊዜ እያነሳሁ መልሼ አስቀምጠው ነበር።

እናትየው ቤታቸው መብራት ስለሌለ እሁድ ጠዋት እኔ ቤት መጡ። ቴሌቪዥኑ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልጅቷ ከመሪዎቹ ጋር ነበረች፤ እኔ በየእርምጃዋ ትንፋሼን እይዛለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ግማሹን አልፈው ብዙም ሳይሄዱ ጉልበቷን ይዛ ወደ መንገዱ ዳር ወጣችና ቁጭ አለች። ካሜራው ትቷት ከሌሎቹ ጋር ሄደ።

እናቷ «ወየው ልጄን!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። እኔም እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። መጀመሪያ የታየኝ ግን ጓዳ ውስጥ እስከ ጣሪያ የተደረደረው እሽግ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ማን ይገዛዋል አልኩ። ቀጥሎ መቀሱ መጣብኝ። ልጅቷ የመጣችብኝ ከሁለቱ በኋላ ነው።

እናትየው ዞር ሲሉ እንባዬን አዩና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አይዞሽ፣ አታልቅሺ» አሉኝ። «ለካ ልጄ እንዲህ የምታስብላት እህት አላት።»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ደግሞ አፍሬ ሳይሆን አዝኜ መስሏቸው፣ የራሳቸውን እንባ እየዋጡ እኔን ያባብሉኝ ጀመር።