ለምረቃ የመጣ ቆርቆሮ

ከዳባት በላይ ባለው ደጋ ጉም እንደ ቤተኛ ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል። ያን ቀን በተማሪ ቤቱ በር ገብቶ፣ በወንበሮቹ መሃል አልፎ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ቀና ብል ጣሪያ የለም። ግድግዳ አለ፣ ከግድግዳው በላይ ነጭ ሰማይ አለ። ሕልም መሰለኝ። ይህን ተማሪ ቤት በፓርቲያችን ገጽ ላይ አውቀዋለሁና፤ አረንጓዴ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ሪባን ሲቆረጥለት።

የወጣሁት ለዘመድ ለቅሶ ነበር። መንገድ የሚያሳየኝን የሟቹን ታላቅ ወንድም ጠየቅሁት።

"አያ፣ ምነው ጣሪያው?"

"ቆርቆሮው ለምረቃው መጣ። ሸጋ ቆርቆሮ ነበር። እንግዶቹ ከሄዱ ወዲያ ማኪና ተመልሶ መጣና ወሰደው። 'ይኼ ለጊዜው ነው፣ የተሻለ ይመጣል' አሉን።"

"እናንተስ ዝም አላችሁ?"

"ምነው ዝም እንላለን? መሰላል ይዘን አወረድንላቸው እንጂ! የተሻለ ይመጣል አሉና።"

ጉሙ ውስጥ ቆሞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ጣሪያ ስለሌለ አልተመለሰልኝም።

እኔ በኢንተርኔት ስለ ፖለቲካ ከሚጽፉት አንዱ ነኝ። ጎንደር ውስጥ ብዙ ነን። የሌላ ፓርቲ ሹም ምስማር ቢያነሳ ከመተማ ሆነን ይታየናል። የራሳችን ሹም ቤት ሲያፈርስ ግን ዓይናችን ላይ ስስ መጋረጃ ይወርዳል፤ ያየነውንም "የአሠራር ክፍተት" እንለዋለን። ሌባ የሚባለው ወዲያ ማዶ ያለው ብቻ ነው። እኔም በዚህ ቋንቋ መጻፍ አቅቶኝ አያውቅም፤ ያን ሳምንት ግን ቃሉ አልመጣልኝም። ጣሪያ አልባውን ክፍል ከነጉሙ ያነሳሁትን ፎቶ አወጣሁና ከሥሩ ጻፍሁ፦ "ይህ የመረቅነው ተማሪ ቤት ነው። አረንጓዴው ቆርቆሮ የት አለ?"

ጠዋት አንበሳ ሲሉኝ የነበሩ ሰዎች ለምሳ ሳይደርሱ ማን እንደገዛኝ ይጠያየቁ ጀመር። ከስድቡ ይልቅ ያስከፋኝ የተቃዋሚዎቹ ጭብጨባ ነበር። ጣሪያ ማጣቱን እንደ ሠርግ አደመቁት።

መጀመሪያ የደወለው አበልጄ ነው። የልጄ የክርስትና አባት፣ አብሮኝ ፊደል የቆጠረ፣ ዛሬ ተማሪ ቤቱን ባሠራው ቢሮ ወንበር ያለው።

"አጥፋው" አለኝ።

"ስምህን አልጻፍሁም እኮ።"

"አበልጅ፣ ጊዜው አይደለም። ምርጫው ይለፍና በውስጥ እንገመግመዋለን።"

"በውስጥ ስንገመግም አይደል እንዴ ጠጉራችን የሸበተው?"

በለሰለሰ ድምፅ "እንግዲያው ማኅበር ላይ እንገናኝ" አለና ዘጋው።

ዛቻው ገብቶኛል። ከአባቶቻችን የወረስነው የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ በተራ ይደገሳል፤ ደጋሹ በመጨረሻ ጽዋውን ለቀጣዩ ባለተራ ያስረክባል። ያ ወር የእሱ ነበር፣ ቀጣዩ የእኔ። የተጣሉ ሰዎች ደግሞ በማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ በምንለው ሽማግሌ ፊት ሳይታረቁ ጽዋ አይቀባበሉም። ካልታረቅሁ ከአባቴ ቦታ ተነሥቼ መሄዴ ነው። የዕርቁም ዋጋ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፦ ጽሑፉን ማጥፋት።

በዕለቱ አበልጄ ግቢው ውስጥ ባሠራው አዲስ አዳራሽ ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ ነበር። ከጣሪያው ቀጫጭን ብርሃን ይወርዳል፤ በነጠላዎቹ ላይ፣ በዳቦው ላይ፣ በሙሴ ጥምጥም ላይ ትንንሽ ነጠብጣብ ሆኖ ያርፋል። የእንጨቱ ሽታና የጠላው ቅዝቃዜ ተደምሮ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። በቀን የወጡ ከዋክብት ሥር የተቀመጥን መስሎኝ ደስ አለኝ። ምን እንደማይ አልገባኝም።

ሙሴ እንደ ወጉ ጠየቁ፦ "የተጣላ አለ?"

አበልጄ ተነሣ። "እኔና አበልጄ ነን፣ አባቴ። በጽሑፍ ነክቶኛል። ያጥፋውና እንታረቅ።"

"ምን ብሎ ጻፈ?"

"በስልክ ላይ ነው፣ አባቴ።"

"እኔ እንዲህ ያለ ስልክ የለኝም። በደል ሳይነገር ዕርቅ የለም። ይነበብ።"

እዚህ ላይ አበልጄ ተሳሳተ። ለሌላ ሰው መስጠት ይችል ነበር፤ ግን ዲያቆን ሳለ በንባቡ የታወቀ ነውና ድምፁን ማን ይቀድመዋል? ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ ረጋ ብሎ፣ በቅዳሴ መልእክት እንደሚያነብ ሁሉ አነበበው። "አረንጓዴው ቆርቆሮ የት አለ?" የሚለው ላይ ሲደርስ ከጥግ የተቀመጡት እማሆይ ቀና አሉ። ከጎናቸው ያለውም ቀና አለ። አንድ በአንድ ሁላችንም አንጋጠጥን። ጣሪያው አረንጓዴ ነው። ብርሃኑ የሚገባው በድሮው የምስማር ቀዳዳ ነው። በመጨረሻ እሱም ቀና አለ፤ አንዲት ነጥብ ብርሃን ግንባሩ ላይ አረፈች።

"ልጄ፣ ምነው አዲሱ ቤትህ እንደ ወንፊት?" አሉት እማሆይ።

"ለጊዜው ነው፣ እማሆይ" አለ። "የተሻለ ይመጣል።"

ማንም አልሳቀም። እኔ ብቻ ያን የደጋ ሰው በጉም ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት።

ሙሴ ጽዋውን በነጩ ጨርቅ መልሰው ሸፈኑት። "ከጽሑፉ የሚጠፋ ቃል አላገኘሁም። ቆርቆሮው ወደ ተማሪ ቤቱ እስኪመለስ ጽዋው እኔ ዘንድ ይቆያል" አሉ። ያን ዕለት ጽዋውን ሳንቀምስ ተበተንን።

ወሩ ሳያልቅ ቆርቆሮው ወደ ደጋው ወጣ። ፓርቲያችን ተማሪ ቤቱን እንደ አዲስ መረቀው፤ "ሌላ ስኬት" ብሎም በገጹ አወጣው። ሪባኑን የቆረጠው አበልጄ ነው። በውስጥ የተገመገመ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። እኔ ጽሑፌ ሥር አንድ መስመር ጨመርሁ፦ "ቆርቆሮው ተመልሷል። ማን እንዳስወረደው አልተነገረንም።"

ሙሴ ሁለታችንንም ቤተ ክርስቲያን ጠሩን። ጠዋት ነው፤ ጉሙ ያን ቀን ከተማ ድረስ ወርዶ ዋንዛዎቹን ደብቋቸዋል። አበልጄ ጽዋውን ከሙሴ ተቀብሎ ወደ እኔ ዘረጋ። ሁለታችንም ይዘነው ቆየን።

"አሁንስ አጥፋው" አለኝ በሹክሹክታ።

"የጥያቄውን ግማሽ ነው የመለስህልኝ።"

"አውቃለሁ።" እጁን ለቀቀ። ከዚያ፣ ልጅ ሳለን ዜማ ሲጠፋው እንደሚያደርገው፣ መሬት መሬት እያየ "ቆርቆሮው ሦስት ጊዜ በምስማር ተመትቶ የለ፣ ዝናብ ሲመጣ ያፈሳል። እባክህ ይህን ደግሞ እንዳትጽፈው" አለኝ።

ጽዋውን ደረቴ ላይ አቅፌ በጉሙ ውስጥ ወረድሁ። መንገዱ አይታይም። ቤቴ ሳልደርስ የአዲሱን ጽሑፍ የመጀመሪያ መስመር በልቤ ጀምሬው ነበር።