ከደረት ኪስ የወጣችው ራም

ማክሰኞ ነበር፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት። ወይስ ረቡዕ? ጡረተኛዋ መምህርት እርግጠኛ አይደሉም። ኮምፒውተር ጠጋኙ ለአራተኛ ጊዜ የመጣው ግን ያን ቀን ነው። ስድስት ዓመት ከለፉበት መዝገበ ቃላት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደህና አድርገው ያስቀመጡት ገጽ ሲከፍቱት ፊደሉ ተዘበራርቆ ይቆያቸዋል።

«መጀመሪያ ቫይረስ ነው አልክ። ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩን ቀየርክ። አሁንስ ማንን ልትከስ ነው?»

«ቲቸር፣ ይሄ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል።»

«የእኔስ አልቋል፤ ካለህ አበድረኝ።»

ጠጋኙ ከሁለቱ ራሞች፣ ከማሽኑ የማስታወሻ ካርዶች፣ ነባሩን ለብቻው ፈተነው፤ ምንም እንከን የለውም። ሌላዋ ከሦስት ወር በፊት፣ ማሽኑ እንዲፈጥን ብሎ፣ ራሱ ከደረት ኪሱ አውጥቶ የጨመራት ናት። ለዓመታት የሰው ኮምፒውተር ሲመረምርባት ስለኖረ «እሷ አትዋሽም» ይላል፤ እሷን ራሷን ግን ፈትኗት አያውቅም። አሁን ብቻዋን አስገባት። ስክሪኑ ስህተት በሚያሳይ ቀይ መስመር ተሞላ።

«እኔው ነኝ ለካ!» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው።

ነቅሎ ኪሱ ከተታትና ቦርሳውን አንጠለጠለ። የሦስት ወሩ ገጾች ይመለሱ እንደሆነ ሊጠይቁት በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ደረጃውን ወርዶ ጨርሷል።