ዛሬስ ነፋሱ እንዴት ነው?

እሑድ ጠዋት አባዬ ስለ ነፋስ ጠየቀኝ።

ይህን አንድ መስመር ጽፌ ሰረዝኩት፣ ደግሜ ጻፍኩት፣ ደግሜ ሰረዝኩት። ለማያውቀን ሰው ምንም አይደለማ። አባት ልጁን ስለ አየር ቢጠይቅ ምን ይደንቃል? እኔ ግን ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ደስታዬን የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኛል። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ፈገግ ፈገግ ሲለኝ ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አድርጋኛለች። አባዬ የጠየቀኝ ስለምንኖርባት ከተማ፣ ስለ ኮሎምበስ ነፋስ አልነበረም። ሃዋይ ውስጥ ማዊ የምትባል ደሴት አለች፤ ስለ እሷ ነፋስ ነው የጠየቀኝ። ወንድሜ የሚኖረው እዚያ ነው። አባዬ ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ የወንድሜን ስም አፉ ላይ አምጥቶት አያውቅም።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ወንድሜ ፋርማሲ ይማር ነበር። ለገና ዕረፍት ከዶርም ጓደኞቹ ጋር ማዊ ሄደና ቀረ። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ደውሎ፣ እዚያው መኖር እንደሚፈልግ፣ ለቱሪስቶች ሰርፍ ማስተማር እንደጀመረ ነገረን። ሰርፍ እንግዲህ ረጅም ሰሌዳ ላይ ቆሞ ሞገድ መጋለብ ነው። አባዬ ኦቤትስ የሚባል ሰፈር ዕቃ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያንን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ እየነዳ ነው ያሳደገን፤ "ልጄ ፋርማሲስት ሊሆን ነው" ብሎ ያልነገረው ሰው ኮሎምበስ ውስጥ የለም። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"ሰው ስትሆን ደውልልኝ" አለውና ዘጋው።

ወንድሜ ቃሉን እንዳለ ወሰደው። አልደወለም። እዚህ ላይ ሁለቱንም ነው የምታዘባቸው። አንዱ በንዴት የተናገረውን አያነሳም፣ ሌላው በንዴት የተነገረውን እንደ ሕግ ይዞ ቁጭ ይላል። የሁለቱ ኩራት መሀል የቀረነው እኔና እማዬ ነን።

እማዬ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ፣ ነው የምትሠራው። ጠዋት ጫማዋን እያሰረች "ዛሬስ?" ትለኛለች። ወንድሜ አንዳንዴ ለእኔ ቴክስት ያደርጋል፤ ግን ወይ የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ነው፣ ወይ ወደ ላይ የቆመ የአውራ ጣት ምልክት ነው። ከአውራ ጣት ምን ይነበባል? ስለዚህ የዚያን የባሕር ዳርቻ የየዕለቱን ትንበያ የሚያወጣ ገጽ ፈልጌ አገኘሁ። ሞገዱ ምን ያህል እንደሚሆን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ዝናብ ይኑር አይኑር ይናገራል። አየት አደርግና በእንግሊዝኛ "ደህና ነው" ብዬ ወደ ቁርሴ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን እማዬ ሰለቻት መሰለኝ። "ደህና ማለት ምንድን ነው? በአማርኛ ጻፊልኝ፤ ብሬክ ላይ አነበዋለሁ" አለችኝ።

ፊደል ከሰንበት ትምህርት ቤት አውቃለሁ። መዝሙር አንብቤ አውቃለሁ። የራሴን ዓረፍተ ነገር ግን በአማርኛ ጽፌ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ትንበያዬ "ውሃው ትልቅ ነው። ነፋስ አለ" የሚል ነበር። እማዬ ከሥራ ቦታዋ መለሰችልኝ፦ "ባሕር እኮ ነው፤ ውሃው ትንሽ ሊሆን ኖሯል?"

እልህ ያዘኝ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተሻሻልኩ መጣሁ። የሰርፍ ሰዎች ሞገድን የሚለኩት በሰው ገላ ነው፤ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት፣ ከራስ በላይ። እሱ በአማርኛም ያምራል። ነፋሱ ነበር የከበደኝ። ያ ዳርቻ ነፋስ የማይለየው ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፣ ጠዋት ለስለስ ይላል፣ እኩለ ቀን ሲሆን በርትቶ ሞገዱን አናቱ ላይ ይቦጫጭቀዋል። ይህን ሁሉ በምን ቃል ልጻፈው? እማዬ ባሕር አይታ አታውቅም፤ የነፋስና የዝናብ ቃል ግን ሞልቷታል። ሽውታ፣ ካፊያ፣ ውሽንፍር፣ ወጀብ፤ ሁሉንም ከእሷ ነው የለቀምኩት። አንድ ቃል በሰጠችኝ ቁጥር በማግስቱ ትንበያው ውስጥ ታገኘዋለች። ደስ ይላት ነበር። እንዲህ መጻፍ ጀመርኩ፦

"ዛሬ ሞገዱ እስከ ደረት ነው። ነፋሱ ጠዋት ሽውታ፣ ከቀትር በኋላ ኃይለኛ። ውሽንፍር መጥቶ ቶሎ ያልፋል። ከሥር ድንጋይ ስላለ ልምድ የሌለው ሰው ባይገባ ይመረጣል።"

እሷም መለሰችልኝ፦ "እሱ ልምድ አለው?"

ወንድሜ ዋና የተማረው አፓርታማችን ግቢ ውስጥ በነበረች፣ ቆሞ እግሩ መሬት በሚነካባት ገንዳ ነው።

ከሁሉ የሚመረኝ ደግሞ የገጹ ቀለም ነበር። ሞገዱ ትልቅና የተስተካከለ ሲሆን "በጣም ጥሩ" ብሎ አረንጓዴ ያበራል። ባሕሩ ሲተኛ፣ ወይም ነፋሱ ሁሉንም ሲያበላሸው "መጥፎ" ይልና ቀይ ይሆናል። ቤታችን ውስጥ ግን ቀለሙ ተገለበጠ። እማዬ "መጥፎ" ያልኳት ቀን እያንጎራጎረች ሥራ ትሄዳለች፤ "በጣም ጥሩ" ያልኳት ቀን ምሳዋን ሳትነካ ትመልሳለች። ልጇ የሚደሰትበትን ቀን ሁሉ እሷ በፍርሃት ነው ያሳለፈችው። ይህን ለወንድሜ ልጽፍለት እልና ይቅርብኝ እላለሁ። አውራ ጣት ነው የሚልክልኝ።

አባዬስ? ቤት በዋለችበት ቀን ለእማዬ ጮክ ብዬ ሳነብላት ቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምርበታል። ሞርስ ሮድ የሚባለው ጎዳና ላይ የሀበሻ ሱቅ ያላቸው ጋሼ "ጎረምሳውስ? ጨረሰ ወይ?" ብለው በጠየቁት ቁጥር "እየጨረሰ ነው" ይላል። ጋሼ ትምህርቱን ማለታቸው ነው። እኔና እማዬ ቆመን የምስር ከረጢት ላይ የተጻፈውን እናነባለን። አንድ ጊዜ ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ እማዬ ትንበያዬን ለሰው ሁሉ ስለምታሳይ፣ "እሺ ሜትሮሎጂ፣ የማዊን ትነግሪናለሽ፤ የሞርስ ሮድን በረዶ ማን ይንገረን?" አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። አባዬ ብቻ ሂሳብ ከፍሎ ወጣ።

መኪና ውስጥ ነበርን፣ እኔና እማዬ ብቻ፣ "አባዬ ግን ልብ አለው?" ብዬ የጠየቅኳት ጊዜ። እሷም አባዬ በወጣትነቱ ወደ የመን የተሻገረው በጀልባ እንደነበር፣ አብሮት የተሳፈረው ጓደኛው እንዳልተሻገረ ነገረችኝ። የነገረችኝ ይኼንን ብቻ ነው፤ እሷም ከዚያ በላይ አታውቅም።

"ለወንድሜ ለምን አልነገረውም?" አልኳት።

"ለማን ነግሮ ያውቃል?" አለችኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ አባዬን በሌላ ዓይን አየሁት ብል ውሸት ይሆናል። ይብስ ተናደድኩበት። ፍርሃቱን "እፈራልሃለሁ" ብሎ መናገር ሲችል "ሰው ስትሆን" ብሎ ተናገረው። ወንድሜም እስከ ዛሬ የተናቀ ነው የመሰለው።

አሁን ስለ ሰዓቱ ልንገራችሁ።

ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ በሀበሻ አቆጣጠር የሚሄድ ሰዓት አለ። አባዬ ነው የሰቀለው። የቤቱ ሌሎች ሰዓቶች ሰባት ሲሉ እሱ አንድ ይላል። እንግዳ የመጣ ሁሉ "ይኼ ሰዓት ቆሟል" ይለናል። እዚህ አገር ኅዳር ላይ ሰዓት ሁሉ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ፣ መጋቢት ላይ ወደ ፊት ይቀየራል፤ በዚያ እሑድ አባዬ ወንበር ላይ እየወጣ የቤቱን ሰዓቶች ሁሉ በእጁ ያስተካክላል፤ ሌላ ሰው ሲነካቸው አይወድም። ባለፈው ኅዳር ሁሉም አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለሱ የወጥ ቤቱን አለፈው። የረሳው መሰለን። እማዬ በዚያ ሰዓት ተማምና አንድ ሰዓት ቀድማ ሥራ ገባች፤ የሌሊት ሺፍት ሠራተኞቹ አልጋ ያነጥፉ ነበር፣ ሳቁባት። ተቆጥታ መጥታ "አስተካክለው እንጂ!" አለችው።

"እኔ ነኝ የሰቀልኩት፤ ተዪው" አላት።

ትንበያ ስጽፍ ነው የገባኝ። ገጹ ከላይ የማዊን ሰዓት ይጽፋል። ቀና ስል የወጥ ቤቱ ሰዓትም እንደዚያው ይላል። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ አየሁት፤ አንድም ቀን አልተለያዩም። በዚህ አገር በጋ ማዊ ከኮሎምበስ ወደ ኋላ የምትቀረው ስድስት ሰዓት፣ ልክ የሀበሻ ሰዓት የሚቀረውን ያህል ነው። ኅዳር ላይ እኛ ሰዓታችንን እንመልሳለን፤ እዚያ ግን ሰዓት አይቀየርም። አባዬ ያንን ሰዓት ቢነካው ከማዊ ይለይ ነበር። ስለዚህ አልነካውም። ሥራ በሌለው ቀን፣ እዚያ ሲነጋ፣ በቀትር ወጥ ቤት ይገባል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ብርጭቆውን ይዞ ሰዓቱ ሥር ይቆማል። ያየው ሰው ውሃ የጠማው ይመስለዋል።

ለማንም አልተናገርኩም። ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ፤ መረረኝ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ከግድግዳ ጋር ከመነጋገር አንድ ቁልፍ መጫን አይቀልም? የበረዶውን ክረምት ሙሉ፣ ትልልቁ ሞገድ ከሰሜን በሚመጣበት ጊዜ፣ እማዬ ምሳዋን እየመለሰች፣ አባዬ ውሃ እየቀዳ፣ እኔ "ከራስ በላይ" እያልኩ እየጻፍኩ፣ ሦስታችን አንድ ሰው እያሰብን በአንድ ቤት ውስጥ ዝም ተባብለን ከረምን።

ያለፈው እሑድ ሰዓቶቹ እንደገና ወደ ፊት የሚሄዱበት ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣታችን በፊት አባዬ ሳሎኑን ጨርሶ ወንበሩን ወደ ወጥ ቤት አመጣ። ልማድ ሆኖበት ወጣና ሰዓቱን በሁለት እጁ ያዘ። አላወረደውም። ዝም ብሎ ያዘው።

"እሱ አይነካም" አልኩት። "አሁን ለእኛም ለማዊም ልክ ነው።"

ዞር ብሎ አየኝ። ማወቄን አወቀ። እንደሚቆጣ ጠበቅኩ። ከወንበሩ ወርዶ እዚያው ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

"ዛሬስ ነፋሱ እንዴት ነው?" አለ።

ስልኬን አውጥቼ አነበብኩለት። ሞገዱ እስከ ደረት፣ ጠዋት ሽውታ፣ እኩለ ቀን ላይ የሚበረታ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ "ከቅዳሴ ስንመለስ ደውዪለት። በዚህ በግድግዳው ሰዓት ሰባት ሳይሞላ ይሁን፤ ከገባ አያነሳም" አለኝ። ልጁ ነፋሱ ሳይበረታ ስንት ሰዓት ላይ ውሃ እንደሚገባ ያውቃል። ለእማዬ ሳነብላት በቴሌቪዥኑ ድምፅ ውስጥ ሁሉንም ሲሰማ ነበር ማለት ነው።

ደወልኩ፣ ስፒከር ላይ አደረግኩት። ወንድሜ እኔ መስዬው "ምን ሆናችሁ?" አለ። አባዬ ስሙን ጠራው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ለጊዜው የአባዬ ይሁን።

"ነፋሱ እንዴት ነው?" አለው።

"ከሰሜን ምሥራቅ ነው፣ አባዬ። ገና ለስላሳ ነው።"

"ሞገዱስ?"

"ደረት ድረስ።"

"የማን ደረት?"

"የእኔ።"

"እንግዲያው ለእኔ አንገት ነው" አለ አባዬ። ከዚያም "ለፋሲካ ና" አለው።

"እሺ።"

አለቀ። ይቅርታ ያለ የለም። ጀልባ ያነሳ የለም፣ ፋርማሲም ያነሳ የለም። እማዬ እጇ ሳሙና እንደሆነ መታጠቢያው ጋ ቆማ አባዬን አየችውና "ይኼው ነው? ለዚች ነው ሁለት ዓመት ያቃጠላችሁኝ?" አለችው። አባዬ ወንበሩን አንስቶ ወደ ሳሎን መለሰ። እኔም ደስታዬ መሀል ላይ ያ ጥያቄ እንደ አጥንት ተቀርቅሮ ቀርቷል፤ አልወጣልኝም።

ማታ እራት ላይ አባዬ፣ አማርኛዬ እንደተሻሻለ አሁን ገና የሰማ ይመስል፣ "አንቺ ትጽፊያለሽ አይደል? ሰው ጥሪ። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ቤታችን ይምጡ" አለኝ። ስለዚህ የአባዬን ጥሪ ይኼው አድርሻለሁ። ጋሼም ይምጡ፣ ቅዳሴ ላይ የጎሸመችኝም ትምጣ፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ ኑ። ወንድሜን ግን "ጨረስክ ወይ?" ብላችሁ እንዳትጠይቁት። ነፋሱን ጠይቁት። ወጥ ቤት ስትገቡ ደግሞ ሰዓቱ የቆመ ቢመስላችሁ አትንኩት፤ ወንድሜ ተመልሶ ይሄዳል፣ እኛም ሰዓቱን እያየን እንጠብቀዋለን።