ባለ ስምንት አምፖሉ መብራት

አሰብ ውስጥ አጎቴ ባለ ስምንት አምፖል የጣሪያ መብራት ያሰቀለው፣ ልጁን ለትዳር ሊጠይቁ የሚመጡት ሽማግሌዎች «ያለው ሰው ነው» እንዲሉለት ነበር። እያንዳንዱ አምፖል መቶ ሻማ ነው። ክፍሉ እንደሚግል፣ አንድ ሸምበቆ መብራት በትንሽ ኤሌክትሪክ እንደሚበቃው ነገርኩት።

«ሸምበቆ የሱቅ ነው። እንግዶቼን እንደ ሳሙና ልደርድራቸው?» አለኝ።

መብራቱ፣ ማቀዝቀዣውና ቬንትሌተሩ አብረው ሲሠሩ ፊውዙ ይቃጠላል። ስለዚህ ቬንትሌተሩን አስጠፋ፤ ለስላሳው መቀዝቀዝ ነበረበታ!

ሽማግሌዎቹ አመሻሽ ላይ መጡ። ቀና ብለው መብራቱን አዩና «ማሻአላህ» አሉ፤ ወዲያው መሐረብ አወጡ። አጎቴ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ የመብራቱን ዋጋ ይተርካል። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ አላስቻላቸውም።

«ሐጂ፣ ሳንበስል ወደ ግቢ ብንወጣስ?» አሉት።

እንደ አሰብ ሰው ሁሉ ደጅ በተዘረጉት የገመድ አልጋዎች ላይ ተቀመጡ። አጎቴ ግን መብራቱን እንዳላጠፋ አዘዘኝና መጋረጃውን በገዛ እጁ ገለጠው። ልጅቷ ተጠየቀች፤ እሺም ተባለ። ሽማግሌዎቹ ይህ ሁሉ ሲሆን ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ ነፋስ አዙረው ነበር።