የታፈነው ተለቀቀ

ባለፈው ቅዳሜ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ ጎማ እስኪቀየርልኝ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አጠገቤ ሁለት ወጣቶች በስልካቸው አንድ አጭር ጠመንጃ እያዩ ይከራከራሉ። «ሪሊዝ አድርገውታል እኮ፣ ሳይለንሰሩ ቢልት ኢን ነው» ይላል አንደኛው። በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለ አማርኛ ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ቋንቋችን ሞተ ብለውም ይጽፋሉ። እኔ ደስ አለኝ። ምክንያቱን ለመናገር ሠላሳ ዓመት ያህል ወደኋላ መሄድ አለብኝ።

ያኔ ዴንቨር ታክሲ እነዳ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ ከሚነዳው የሚጠብቀው ይበልጣል። ተራችን እስኪደርስ የታክሲ ማቆሚያው ሜዳ ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል እንሰበሰባለን፤ አንድ ማሞቂያ፣ ግድግዳው ላይ አንድ የሳንቲም ስልክ፣ የባልደረባዬ የሰይድ ሚስት የጠበሰችው ሳምቡሳ። በጥቅምት ጠዋት በሸሚዝ ወጥተን ከሰዓት በረዶ ይጥልብን ነበር። ክፍሏ እርጥብ ካፖርትና ቃሪያ ቃሪያ ትሸታለች።

ሰይድን፣ ተፈራንና እኔን የመሣሪያ ፍቅር ይዞን ነበር። ተፈራ የቀድሞ ወታደር ስለሆነ ምክንያት አለው። የመርካቶው ልጅ ሰይድና መጽሐፍ ከእጄ የማይለየኝ እኔ ግን ምን እንደነካን አላውቅም። ሦስታችን ተደምረን የነበረን መሣሪያ የሰይድ ጥፍር መቁረጫ ነበረች። አገር ቤት ሳለን ጠመንጃ ሲመጣ የምንሸሸው ነገር ነበር፤ እዚህ መጽሔት ላይ ሲታይ ግን እንደ ማቀዝቀዣ ገዝተው ቤት የሚያስገቡት ዕቃ መሰለን።

የእንግሊዝኛውን የመሣሪያ መጽሔት ወደ አማርኛ እየመለስኩ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል እንዲያልፍ አልፈቅድም ነበር፤ ሰይድ «ፕሮፌሰር» የሚለኝ ለዚህ ነው። እነሱ «ሳይለንሰር» ሲሉ እኔ ፊቴን አጨማድዳለሁ። ድምፁ እንዲታፈን ተደርጎ የተሠራ ጠመንጃ ከሆነ «የታፈነ» ነው ብዬ ወሰንኩ። በቃሉ ኮርቼበት ነበር።

ማሞቂያው አጠገብ ያለው ወንበር የጋሽ መርሻ ነው። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጡን ነበር፤ ተራቸው እስኪደርስ እዚያው ያንቀላፋሉ። ልጃቸው ግርማ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ታፍኖ ተወስዶ በዚያው ቀረ። አስከሬን አልተገኘም፤ ሞቷል ብሎ የነገራቸውም የለም። ደርግ ወድቆ እስር ቤቶች ሲከፈቱ፣ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሁሉ የልጁን ስም በወረቀት ጽፈው ይሰጡ ጀመር። ለቅሶ ይቀመጡ ሲባሉ፣ «ያላየሁትን አልቀብርም» ይሉ ነበር።

እኛ ደግሞ የምንጠብቀው አንድ ጠመንጃ ነበር። አጭር ነው፣ ማፈኛው ከአፈሙዙ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፣ እስከዚያ ድረስ ለፖሊስና ለወታደር ብቻ ነበር የሚሸጠው። አንድ ቀን ከሰዓት ሰይድ አዲሱን መጽሔት ይዞ ገባ። ገለጥኩና ፈቃድ ላለው ሁሉ ሊሸጥ መሆኑን አነበብኩ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ በጠራው አማርኛዬ አበሰርኩ።

«ተለቀቀ! አጭሩ፣ የታፈነው፣ ተለቀቀ!»

«ውሸትህን ነው!» አለ ተፈራ።

«ወላሂ በል!» አለ ሰይድ። «ስንት ዓመት ደብቀውት ኖረው!»

ጋሽ መርሻ ዓይናቸውን ገልጠው ኖሯል። ግርማ አጭር እንደነበረ፣ ሰፈሩ በሙሉ «አጭሩ» ብሎ ይጠራው እንደነበረ ያወቅኩት በኋላ ነው።

«ማን ነገረህ?» አሉኝ።

ስለ ጠመንጃው የጠየቁኝ መስሎኝ፣ «ተጽፎ ወጥቷል እኮ፣ ጋሽ መርሻ። እርግጥ ነው» አልኳቸው።

ተነሱ። ወደ ስልኩ ሲሄዱ ልብ አላልኩም። ሳንቲም አስገብተው ቤት ለሚስታቸው ደወሉ፤ ከዚያ ድምፃቸው ክፍሏን ሞላት።

«አበበች! ተለቀቀ! ግርማ ተለቀቀ፣ ተጽፎ ወጥቷል!»

ሰይድ የነከሰውን ሳምቡሳ ሳይውጥ ቀረ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛ ጠፋኝ። መጽሔቱን ወስጄ ሥዕሉን አሳየኋቸው። ስልኩን ሰቅለው ብዙ አዩት።

«የተለቀቀው ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው፣ ጋሼ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድኩ። «እሷን ማን ይነግራታል?» አሉ ብቻ።

በስልክ አይሆንም ተባባልን። አራታችን በተፈራ ታክሲ በኮልፋክስ መንገድ ኦሮራ ወዳለው የጋሽ መርሻ ቤት ሄድን። በረዶው መስታወቱ ላይ እየወደቀ ይቀልጣል። «የምትናገረው አንተ ነህ፣ ፕሮፌሰር» አለኝ ሰይድ፤ ስሙ ስድብ ሆኖ ተሰማኝ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ቢኖር መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ነው። ወንዶች ተሰብስበው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ዝም ብለው በር ላይ ይቆማሉ። እትዬ አበበች ለምሥራቹ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው ከፈቱልን። አራታችንን አንድ በአንድ አዩን።

«ሞቷል፣ አይደል?» አሉ።

ያዘጋጀሁትን ልናገር አፌን ስከፍት፣ «ልጄን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። እንዲያርሟቸው ወደ ጋሽ መርሻ ዞርኩ። ጋሽ መርሻ በአጠገቤ አልፈው ገቡ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጡና አሥራ ስድስት ዓመት ያቆዩትን ለቅሶ አለቀሱ። ማታውኑ ጎረቤት ወንበር ተሸክሞ መጣ። ሦስት ቀን ተቀመጥን። ስህተት ነበር ያለ ሰው የለም።

በኋላ አንዳንዶች፣ «መልካም ሆነ፤ እርማቸውን አወጡ» አሉን። ሰው የሠራውን ጥፋት መልካም ሆነ ሲሉለት ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን አላመንኳቸውም። የልጁን መሞት ማንም አልነገረንም፤ በር ላይ ስለቆምን ብቻ ሞተ። ጋሽ መርሻ ከዚያ ወዲህ ስሙን በወረቀት ጽፈው ለማንም ሲሰጡ አላየሁም። ጠመንጃውንም ማናችንም አልገዛነውም።

ጎማዬ ተቀይሮ ስነሳ አንደኛው ወጣት ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሳይለንሰር በአማርኛ ምንድነው የሚባለው?»

«ሳይለንሰር» አልኩት።

«ኖ፣ በአማርኛ ማለቴ ነው።»

«በአማርኛም ሳይለንሰር ነው፣ ልጄ» አልኩትና ወደ መኪናዬ ሄድኩ።