ሞተሩ ሳይሞቅ

ሻጩ መኪናው ከትናንት ጀምሮ እንዳልተነሳ ነግሮኝ ነበር። በጋቢናው ሥር እጄን አሾልኬ ሞተሩን ስዳስሰው ግን ለብ ብሏል። እጄን በመሐረብ ጠረግሁና ጎማ እንደሚመረምር ሰው አጎነበስኩ።

«ጌታ ይባርክሽ እህቴ፤ ተረጋግተሽ እዪው» አለኝ።

ከሞተሩ ሙቀት ይልቅ ይኼ አሳሰበኝ። ከእኔ በፊት የመጣውን ሰውዬ «ወላሂ» እያለ ሲያግባባው ሰምቻለሁ፤ ከሰውዬው በፊት ለነበሩት ባልና ሚስት ደግሞ በመድኃኔዓለም ምሎላቸዋል። እኔ ዘንድ ሲደርስ መሐላውን ተወው። አንገቴን አይቶ፣ ማተብ እንደሌለኝ ተመልክቶ ይሆናል። እኛ ዘንድ መማል ነውር መሆኑን እስከማወቅ የደረሰ፣ ለየሰዉ እንደ እምነቱ የሚያወራ ሰው፣ የሞተሩንስ ነገር ለየሰዉ እንዴት አድርጎ ይናገር ይሆን?

ግቢው ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነው። ለሽያጭ የቆሙት የጭነት መኪኖች ብዙ ቢሆኑም ለእኔ ሥራ የሚሆኑት ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም አምስት ቶን ገደማ የሚጭኑ። አንዱ ነጭ ነው፤ አዲስ ከሚባሉት፣ ሞተሩ በኮምፒውተር የሚታዘዝ። ሌላው ሰማያዊ፣ ቀለሙ የነተበ፣ ናፍጣውን በድሮው ፓምፕ የሚገፋ። ልቤ ነጩ ላይ ነበር፤ ለብ ብሎ ያገኘሁትም እሱን ነው።

የምፈልገው መንገድ ላይ የማይቆም መኪና ነው። ሥራዬ የአንድ ቀን ጫጩት ማድረስ ነው፤ ሰበታ አጠገብ ካለ ማስፈልፈያ ተረክቤ ሆሳዕና አስረክባለሁ። ጫጩት እንደ ሲሚንቶ ቆይ ቢሉት አይቆይም። ከእንቁላሉ ከወጣ በኋላ ቶሎ ካልደረሰ፣ ወይም ሙቀት ከበዛበት፣ ያልቃል። ተከራይቼ እሠራበት የነበረው መኪና ባለፈው በጋ ከቡታጅራ ወዲያ በቀትር ቆመብኝ። ካርቶኖቹን ስከፍት ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ የማስፈልፈያው ኃላፊ የራስሽን መኪና ካላመጣሽ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አለኝ። እኔም ጨንቻ የነበረችኝን ቤት፣ አባቴ ያወረሰኝን፣ ሸጥኩ። አገሬ ስገባ የማርፍባት እሷው ብቻ ነበረች። እንግዲህ የምገዛው መኪና ከከዳኝ ሥራም የለኝ፣ የምመለስበትም የለኝ።

መኪኖቹን እንዲያዩልኝ ይዣቸው የሄድኩት ጋሼን ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በሆሳዕና መንገድ የጨረሱ የሰፈራችን ሾፌር ናቸው፤ መኪና ከገዛሁ ሊነዱልኝ ተስማምተናል። ያለ ጫት አይውሉም፤ ስለዚህ እሳቸውንም ቢሆን አላምናቸውም ነበር። ነጩን ዞረው ዞረው ካዩት በኋላ ሰማያዊው ይሻልሻል አሉኝ። ነጩ ጉልበተኛ ነው፣ ያን አልክድም፤ ግን አንዲት ቀጭን ሽቦ የተበላሸች ቀን ኮምፒውተሩን ይዞ ከአዲስ አበባ ሰው እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ። ሰማያዊውን ቁልፍ የጨበጠ ሁሉ መንገድ ላይ ይፈታዋል። እንዲህ ነበር ምክንያታቸው።

ምክንያቱ ደህና ነው፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ነጩ የጠጣውን ናፍጣ ሁሉ የሚመዘግብ መሆኑን ሻጩ አስረድቶኛል። ሰማያዊው ምንም አይመዘግብም። የትኛውን መኪና የትኛው ሾፌር እንደሚወድ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በዚያ ላይ ጋሼ እኔን ከሻጩ ካገናኘኝ ደላላ ጋር ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ አይቻለሁ።

በሚኒባስ ወደ ሰፈራችን ዓለም ባንክ ስንመለስ ደላላው የሚሰጣቸው ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው። እንደሚክዱ እርግጠኛ ነበርኩ።

«አዎ፣ ይሰጠኛል» አሉ፣ ወያላው እየሰማ።

«በየትኛው መኪና?»

«በሁለቱም። የፈለግሽውን ግዢ፣ ለእኔ ያው ነው።»

«ታዲያ እኔ እርስዎን ምን ብዬ ልመን፣ ጋሼ?»

«በሁለቱም እኩል የሚበላ ሰው ለየትኛው ያዳላል፣ ልጄ? በአንዱ ብቻ ብበላ ነበር የምትፈሪኝ።»

ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እንዲህ ያለውን ሰው ከየትኛው ወገን እንደምደምረው ግራ እንደገባኝ ፌርማታችን ደረስን።

በዚያው ሳምንት አንድ ነገር ወሰንኩ። ቅዳሜ ማለዳ ሳይጠሩኝ ሄጄ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ፊቴ እንዲነሳ አደርጋለሁ። ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ሕመሙን አይደብቅም፤ ቀድመው ካሞቁት ግን ጤነኛ ይመስላል። ለሻጩ አልነገርኩም፣ ለደላላውም። ጋሼን፣ አብረውኝ ስለሚሄዱ፣ ነገርኳቸው፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉም አጥብቄ አስጠነቀቅኳቸው።

ረቡዕ የሰፈራችን ሴቶች የጸሎት ቀን ነው፤ በየተራ በየቤታችን እንሰበሰባለን። የጸሎት ርዕስ ያላት ሲባል የእኔን አቀረብኩ። እንደ ልማዴ በዝርዝር ነው ያቀረብኩት፤ ጌታን በደፈናው መለመን አልወድም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ 18 ማዞሪያ ያለውን ነጭ መኪና በድንገት ላየው እንደምሄድ፣ የተሰወረ ነገር ካለበትም እንዲገለጥልኝ። እህቶቼ አጥብቀው ጸለዩ። አንዷማ አለቀሰችልኝ። ያን ሌሊት ቀልሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ የግቢውን በር ስናንኳኳ ገና መንገዱ ላይ ሰው አልበዛም። ጥበቃው እየተነጫነጨ ከፈተልን። በቀጥታ ወደ ነጩ ሄጄ እጄን ሰደድኩ። ለብ ማለት አይደለም፣ ሞቋል። ጥበቃውን ስጠይቀው ማንም አልነካውም አለ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ።

ወደ ጋሼ ዞርኩ። «እርስዎ ነዎት የነገሩት።»

«እኔ አልነገርኩም።»

«ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ የለም። እኔ እንደሆን ለሰው አልተናገርኩም፤ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው የነገርኩት።»

«ብቻሽን ሆነሽ ነው የነገርሽው?» አሉ ጋሼ።

የረቡዕ ዕለት ክብ ሠርተን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን የቆምንበት ሳሎን ፊቴ ድቅን አለ። የማን ባል ምን እንደሚነግድ፣ የማን ወንድም የትኛው ግቢ እንደሚውል ጠይቄ አላውቅም። በዚህ መሐል ሻጩ የጃኬቱን ዚፕ እየዘጋ እየሮጠ ደረሰ።

«እህቴ፣ ጌታ ጸሎታችሁን ሰምቷል። ምንም የተሰወረ ነገር የለበትም» አለኝ።

ነገሩን ያወጣችው ያለቀሰችልኝ ትሁን ሌላ፣ እስካሁን አላውቅም። ምናልባት በክፋት አይደለም፤ ምናልባት ቤቷ ገብታ እንዲሁ እንደ ወሬ አንስታው ይሆናል። ጋሼን ይቅርታ ልጠይቃቸው ዞር ስል ግን እሳቸው እኔን ትተው የሰማያዊው ጋቢና ላይ ወጥተዋል።

ሰማያዊውን ያሞቀው የለም። በጸሎት ርዕሴ ውስጥ አልነበረማ። ሞተሩን ስነካው የሌሊቱ ቅዝቃዜ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ጋሼ ቁልፉን ሲያዞሩት አጓራና እምቢ አለ። ደገሙት፤ እምቢ አለ። ቀጥሎ ነጭ ጭስ እየተፋ፣ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ፤ ቆየት ብሎም ረጋ፣ ጭሱም ጠፋ። ከሥሩ ዘይት እንደሚያንጠባጥብ፣ ናፍጣ የሚረጩለት ኢንጀክተሮችም ትንሽ እንደደከሙ ጋሼ ሻጩ እየሰማ ነገሩኝ። ሻጩ ስለ ነጩ ማውራቱን አላቆመም ነበር።

ጉድለቱን በገዛ ዓይኔ ያየሁት መኪና ሰማያዊው ብቻ ነው፤ ስለዚህ እሱን ገዛሁ። ነጩ ደህና መኪና ሊሆን ይችላል። ሊብሬው ወደ ስሜ በዞረ ቀን ጋሼ ከደላላው ድርሻቸውን ተቀበሉ፣ እኔው ፊት፣ ሳያፍሩ። በቀጣዩ ረቡዕ የጸሎት ርዕስ ስጠየቅ ለአገራችን ሰላም አልኩና ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ቡታጅራን ጥቂት እንዳለፍን ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ ተንተፋተፈና ቆመ።

ወርጄ ሸራውን በሁለቱም በኩል ከፈትኩ፣ ነፋስ እንዲገባ። ካርቶኖቹ ውስጥ የታጨቁት ጫጩቶች ይጮኻሉ። ልጸልይ ብዬ ቃል አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ ጋሼ ናፍጣ ሲቀዱ እኔ አብሬያቸው አለመሆኔ ነው። ከየት ቀዱት? ምን ቀላቀሉበት? ፀሐይዋ እየጠነከረች ነበር፤ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ እመላለሳለሁ። ጋሼ ጋቢናውን ገልብጠው፣ እስከ ክንዳቸው ናፍጣ ሆነው፣ የተደፈነውን የናፍጣ ፊልትሮ ከመቀመጫው ሥር ባወጡት አዲስ ቀየሩ። ቀጥለው አንዲት ትንሽ ፓምፕ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው መጫን ጀመሩ።

«አየር ይዟል፤ አስወጣዋለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አንቺ ብቻ አትገላምጪኝ፣ ሥራ ታስፈቺኛለሽ።»

ወደ ጫጩቶቹ ተመለስኩ። ሞተሩ ሲነሳ የካርቶኖቹ ንዝረት ነው መጀመሪያ የነገረኝ።

ሆሳዕና የምትረከበን ሴት በሯ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ደህና ዋላችሁ እንኳ ሳትል የመጀመሪያውን ካርቶን ክዳን አነሳች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። መንገድ ላይ ቆማችሁ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሼ ኧረ ምን ቆመን ማለት ጀምረው ነበር።

«ቆመናል» አልኩ። «ከቡታጅራ ወዲህ። ናፍጣው አስቸግሮን ነው፤ አስተካክለን መጣን።»

ጋሼ አብጄ እንደሆነ ሁሉ አፈጠጡብኝ። ሴትዮዋ የከፈተችውን ካርቶን ዘግታ ሁሉንም እንደገና ከአንድ ጀመረች። ከየካርቶኑ ጫጩት እያነሳች እግራቸውን ታያለች፣ መዳፏ ላይ ታቆማቸዋለች፣ የተኛ ካየች በጣቷ ትነካካለች። ጥግ ካለው ካርቶን ውስጥ የሞቱ ጥቂት አግኝታ ለብቻ አስቀመጠች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ከጣቷ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ እሷም በየመሐሉ ፊቴን ታያለች። የመጨረሻውን ክዳን መልሳ ስትገጥም ልጆቿን ጠርታ ወደ ውስጥ አስገቧቸው አለች፣ ቶሎ፣ ሳይበርዳቸው።

እሷም አንድ ካርቶን አንስታ ልትከተላቸው ስትል በሩ ላይ ቆም አለች።

«ለሚቀጥለው ዙር ሲቆምባችሁ ደውይልኝ እንጂ» አለችኝ። «ቤታቸውን ላሞቅ ከንጋት ጀምሬ ከሰል እያነደድኩ ነው።»